ፔዳሉ የለም፣ ፍሪሲዮኑ ግን አለ

ይህ ለአሽከርካሪዎች ስብስብ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ የተነሱትን ጥያቄዎችም አስገብቻለሁ።

እንደምን አመሻችሁ።

ከአንድ ሽታ ልጀምር። ማኑዋል መኪና የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። የተቃጠለ ፍሪሲዮን፣ ማለትም ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘውና የሚለያየው ክፍል፣ ሽታ። አንዴ ያሸተተው ሰው ከሌላ ሽታ ጋር አያምታታውም። እኔ ግን አምታትቼዋለሁ፤ መኪናዬ ፍሪሲዮን ያለው አይመስለኝም ነበርና።

ለዓመታት የነዳሁት ማኑዋል ነበር። ከዚያ ባለሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው ቁልፉን ሲያስረክበኝ «አውቶማቲክ እኮ ነው፤ ዲ ላይ አድርገህ መርገጥ ብቻ» አለኝ። ዲ ወደፊት መሄጃው ነው። አመንኩት። በሦስተኛው ወር ገደማ ዳገት ላይ ረጅም ሰልፍ ገጠመኝ። መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ነዳጅ ረገጥ አድርጌ ያዝኩት። ፊቴ ያለው አንድ ሜትር ሲሄድ እኔም አንድ ሜትር ሄድኩ። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየሁ። ሽታው መጣ። ፊቴ ካለው የጭነት መኪና የመጣ መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁ። ባሰበት። ትንሽ ቆይቶ ዳሽቦርዱ ላይ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ መጋሉን የሚናገር ጽሑፍ በራ።

የዚያን ቀን ነገር እንዴት እንዳለቀ በኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ግን የገባኝን ልንገራችሁ። መኪናዬ ውስጥ የፍሪሲዮን ፔዳል የለም። ፍሪሲዮን ግን አለ፤ ያውም ሁለት። የሚረግጥልኝ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ መንገዱን አያይም። የሚያውቀው የእኔን እግር ነው። ፍሬኑን ምን ያህል ረገጥኩ? ነዳጁን ምን ያህል ሰጠሁ? በዚያ ነው ፍሪሲዮኑን የሚይዘውና የሚለቀው። ስለዚህ ግራ እግሬ ሥራ ፈታ እንጂ የፍሪሲዮኑ ኃላፊነት ከእኔ ላይ አልወረደም። ወደ ቀኝ እግሬ ነው የዞረው።

እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ላስረዳ። ማኑዋል ላይ ማርሽ ስትቀይሩ መጀመሪያ ፍሪሲዮን ትረግጣላችሁ። ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ። ማርሹን ታስገባላችሁ፤ ከዚያ ትለቃላችሁ። በዚያች መሃል መኪናው የሚገፋው የለም። ባለሁለት ፍሪሲዮን የተፈጠረው ያቺን ባዶ ቅጽበት ለማጥፋት ነው። በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ማኑዋል ካምቢዮ እንዳለ አስቡት። አንዱ ጎዶሎዎቹን ማርሾች ይይዛል፦ 1፣ 3፣ 5፣ ሲኖርም 7። ሌላው ተጋማሾቹን፦ 2፣ 4፣ 6። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፍሪሲዮን አላቸው። በ2ኛ ማርሽ እየሄዳችሁ 3ኛው በሌላው ዘንግ ላይ አስቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል። ሰዓቱ ሲደርስ አንዱ ፍሪሲዮን እየለቀቀ ሌላው ይይዛል። ጉልበቱ ሳይቋረጥ ማርሹ ተቀየረ ማለት ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያቀረበው አዶልፍ ኬግሬስ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። ይህ ሰው ቀደም ሲል በሩሲያው ዛር በዳግማዊ ኒኮላስ ጋራዥ ይሠራ ነበር። የዛሩ መኪናዎች በረዶ ላይ እንዲሄዱ በኋለኛው ጎማቸው ፈንታ እንደ ታንክ ሰንሰለት የሚዞር ቀበቶ ያበጀላቸው እሱ ነው። ሁለቱን ፍሪሲዮኖች ግን በዘመኑ ወደ ምርት አላስገባቸውም። በ1980ዎቹ ፖርሽ በውድድር መኪናዎቹ፣ በ956 እና በ962 ላይ ሠራበት። ተራው ሰው የሚገዛው መኪና ላይ የደረሰው በ2003 ነው፤ ፎልክስዋገን ጎልፍ አር32 ላይ ዲኤስጂ ብሎ ሲያወጣው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ካምቢዮ ያደገው ውድድር ሜዳ ላይ ነው። የውድድር መኪና ሰልፍ አይጠብቅም። ሲሮጥ እንከን አይወጣለትም፤ እኔ እስካሁን ከነዳኋቸው ሁሉ ሰፊ መንገድ ላይ የሚያስደስተኝ እሱ ነው። ድካሙ የሚታየው በእርምጃ ፍጥነት ሲንፏቀቅ ነው።

የተለመደው አውቶማቲክ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው በዘይት ነው። መሣሪያው ቶርክ ኮንቨርተር ይባላል። ሁለት ማራገቢያ ፊት ለፊት ተቀምጠው በዘይት ውስጥ እንደተነከሩ አስቡ። አንዱ ሲዞር ዘይቱን ይገፋል፤ ሌላው በዘይቱ ግፊት ይዞራል። መኪናው ሲንፏቀቅ በሁለቱ መካከል ያለውን የፍጥነት ልዩነት ዘይቱ ይችለዋል። ሙቀቱን ዘይቱ ይዞት ሄዶ ማቀዝቀዣው ጋር ይጥለዋል። እርስ በርሱ የሚፋቅ ነገር የለም።

ባለሁለት ፍሪሲዮኑም ላይ ፍሬኑን ስትለቁ መኪናው ቀስ ብሎ ይነሳል። ከተለመደው አውቶማቲክ ጋር አንድ ይመስላል። አንድ እንዲመስል ታስቦበት ነው። ከሥር ግን ኮምፒውተሩ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ እያንሸራተተው ነው። ማኑዋል የሚነዳ ሰው ሰልፍ ውስጥ በግራ እግሩ የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው።

አሁን አንድ ቁጥር ያዙልኝ። 8። ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በደቂቃ 800 ጊዜ ገደማ ይዞራል። በ1ኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ቢይዝ ይህ ዙር መኪናውን በሰዓት 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ያስኬደዋል። እንደ መኪናው ትንሽ ይለያያል። ከዚህ ፍጥነት በታች ፍሪሲዮኑ ቢይዝ ሞተሩ ይጠፋል። ስለዚህ መንሸራተት ግዴታው ነው። ከ8 በላይ ስትሆኑ ሊይዝ ይችላል፤ ከያዘ ደግሞ አይፋቅም፣ አይግልም። ከ8 በታች ከሆናችሁ ግን ምንም ያህል ለስላሳ ቢመስላችሁ እየተፋቀ ነው።

ምን ያህል ነው የሚግለው? ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ለእኔ ሁሉን ነገር ያስለወጠኝ ይህ ሒሳብ ነው። መኪናው 1,400 ኪሎ ይሁን። ሜዳ ላይ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ 3.5 ኪሎ ጁል ነው፤ ኪሎ ጁል የጉልበትም የሙቀትም መለኪያ ነው። ሞተሩ በዚያው ዙር ከቆየ፣ እስኪይዝ ድረስ ፍሪሲዮኑ ላይ የሚቀረው ሙቀትም ያንኑ ያህል ነው። እንግዲህ አንድ ጤናማ አነሳስ ፍሪሲዮኑን 3.5 ኪሎ ጁል አስከፈለው እንበል።

ያንኑ መኪና ዳገት ላይ እናቁመው። በ100 ሜትር 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት። ፍሬን አልረገጣችሁም፤ በነዳጅ ነው የያዛችሁት። መኪናው አይንቀሳቀስም። ሞተሩ ግን እየገፋ ነው። ጎማው ስላልዞረ ከሞተሩ የወጣው ጉልበት ሁሉ የትም አልሄደም። ፍሪሲዮኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ቀረ። ሞተሩ 800 ላይ ብቻ እንኳ ቢሆን በየሰከንዱ ወደ 3 ኪሎ ጁል ነው። እያንዳንዷ ሰከንድ የአንድ አነሳስን ያህል ልታስከፍል ምንም አልቀራት። ግማሽ ደቂቃ ብትቆዩ 90 ኪሎ ጁል ሆነ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ከቧንቧ ቀድታችሁ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። የሚያርፈው ግን ስስ ዲስክ ላይ ነው። ነዳጅ ስትሰጡ ደግሞ ሞተሩ ከ800 በላይ ስለሚዞር ሙቀቱ ከዚህም ይበልጣል።

ይህን ቤት ቁጭ ብዬ ሳሰላ ደነገጥኩ። እኔ ያን ቀን የቆየሁት ግማሽ ደቂቃ አልነበረም።

የሁሉም መኪና ችሎታ እኩል አይደለም። ደረቅ የሚባል አለ፣ እርጥብ የሚባል አለ። እርጥቡ ፍሪሲዮኖቹ በዘይት ታጥበው ነው የሚሠሩት። በ2003 የወጣው የመጀመሪያው ዲኤስጂ እርጥብ ነው፤ 7 ሊትር ገደማ ዘይት ይይዛል። ዘይቱ ሙቀቱን ስለሚወስድ ሰልፍን የተሻለ ይችላል። ደረቁ እንደ ማኑዋል ፍሪሲዮን አየር ላይ ነው። በ2008 የመጣው የፎልክስዋገን ባለ7 ማርሽ ደረቅ ካምቢዮ 1.7 ሊትር ዘይት ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ፍሪሲዮኑን አያቀዘቅዝም። ደረቁ ቀላል ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ለዚህም ነው በትንንሽ ሞተሮች ላይ የተወደደው። የሙቀት ትዕግሥቱ ግን አጭር ነው። በ2013 ፎልክስዋገን በዲኤስጂ ችግር ምክንያት ቻይና ውስጥ ብቻ ከ380 ሺህ በላይ መኪናዎችን ለጥገና ጠርቷል። እናንተ ያላችሁ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ተመልከቱ ወይም የሚያውቅ መካኒክ ጠይቁ። በዚህ ጉዳይ ላይ በግምት መኖር አያስፈልግም።

ወደ እግራችን እንመለስ።

ሰልፍ ውስጥ ትልቁ ስህተት ፍሬኑን በግማሽ መርገጥ ነው። የተለመደው አውቶማቲክ ላይ ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው። ፍሬኑን ላላ አድርገን መኪናው እንዲንፏቀቅ እንተወዋለን። ባለሁለት ፍሪሲዮኑ ላይ ግን ይህ ለኮምፒውተሩ ግራ የሚያጋባ ትእዛዝ ነው። ሂድ እያልነው ነው ወይስ ቁም? ስለማያውቅ ፍሪሲዮኑን ጫፉ ላይ ያቆየዋል። ፍሬኑ መኪናውን ይይዛል፣ ፍሪሲዮኑ ይገፋል፣ ሁለቱ ይታገላሉ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ስትረግጡ ግን ነገሩ ግልጽ ይሆንለታል፤ ፍሪሲዮኑን ይለቀዋል። ብዙ መኪና ላይ በጆሮም ይታወቃል። ጠበቅ ስታደርጉ ንዝረቱ ይቀንሳል፣ ሞተሩ እፎይ ይላል። ዛሬ ወደ ቤት ስትመለሱ ሞክሩትና አዳምጡ። ስትቆሙ ሙሉ በሙሉ ቁሙ።

ለመሄድም እንደዚያው ነው። ፊታችሁ ያለው መኪና ግማሽ ሜትር ስለሄደ ግማሽ ሜትር አትሂዱ። ክፍተት ይፈጠር። ሁለት ወይም ሦስት መኪና የሚያስገባ ቦታ ሲከፈት ነዳጅ ሰጥታችሁ ቁርጥ ባለ መንገድ ተነሱ። በኃይል ማለቴ አይደለም። ከ8 አልፋችሁ ፍሪሲዮኑ እስኪይዝ ብቻ። ከዚያ እግራችሁን አንስታችሁ እንዲንከባለል ተዉት፣ ስትደርሱም ጠበቅ አድርጋችሁ ቁሙ። አሥር ጊዜ በመንፏቀቅ የምትሄዱትን በሁለት አነሳስ ትሄዱታላችሁ።

አውቃለሁ፤ ክፍተት ስትተዉ ከጎን ሰው ይገባል። ከኋላም ጡሩምባ ይነፋል። እኔን መጀመሪያ በጣም ያስጨንቀኝ ነበር። አሁን ይግባ እላለሁ። የገባው መኪና የወሰደብኝ አምስት ሜትር ነው። ሰልፉ ሲያልቅ ሁላችንም በደቂቃ ልዩነት እንወጣለን።

ኮምፒውተሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ከ1ኛ ወደ 2ኛ ቶሎ ይሸጋገራል። ሰልፉ በሰዓት 10 ወይም 12 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ይህ ያስቸግራል። 2ኛ ማርሽ ያለ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ 13 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ 2ኛ ገብቶ ይንሸራተታል፣ ወደ 1ኛ ይመለሳል፣ እንደገና 2ኛ ይገባል። እንዲህ ሲሆን የማርሽ መለወጫውን እጀታ ወደ ማኑዋሉ ጎን ገፋ አድርጌ 1ኛ ላይ አስረዋለሁ። መንገዱ ሲከፈት ወደ ዲ እመልሰዋለሁ። ሁሉም መኪና ላይ አያስፈልግም፤ የእናንተ 1ኛና 2ኛ መካከል ሲዋልል ከተሰማችሁ ግን ይጠቅማል።

ዳገት ላይ ያለው ሕግ አንድ ነው። መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ነው፤ ነዳጅ በፍጹም። አሁን ያሉት ብዙዎቹ መኪናዎች ዳገት ላይ እግራችሁን ከፍሬን ስታነሱ ለሁለት ሰከንድ ያህል ይይዙላችኋል። እግር ከፍሬን ወደ ነዳጅ ለማዛወር በቂ ነው፤ አትቸኩሉ። ስትቆሙ ፍሬኑን ራሱ ይዞ የሚቆይ ቁልፍ ካላችሁ ደግሞ ሰልፍ ውስጥ አብሩት። ከሌላችሁ የእጅ ፍሬን አለ። በግራ እግር ፍሬን፣ በቀኝ እግር ነዳጅ አብሮ የሚረግጥ ሰው ካለ እባካችሁ ይተው። ያሳየኋችሁ ሒሳብ ከነጭማሪው እዚያ ላይ ነው ያለው።

ስለ ኒውትራል ብዙ ይወራል። መብራት ላይ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ከቆማችሁ ፍሪሲዮኑ ተለቋል፤ በየደቂቃው ኤን (ኒውትራል) ማስገባት ምንም አይጨምርላችሁም። ቆሞ መቆየቱ ረጅም ከሆነ የእጅ ፍሬን ስባችሁ ፒ (የማቆሚያውን ቦታ) አስገቡ። ቁልቁለት ላይ ኤን አስገብቶ መንከባለል ግን አደገኛ ነው። ሞተሩ መኪናውን የሚገታበትን ኃይል ታጣላችሁ፣ ፍሬኑ ብቻውን ይደክማል።

አንድ የደኅንነት ጉዳይ አለ፤ ጠንከር አድርጌ ልናገረው። ይህ ካምቢዮ ቀጣዩን ማርሽ አስቀድሞ ገምቶ ነው የሚያዘጋጀው። ግምቱ ሲሳሳት ይዘገያል። መስቀለኛ ላይ ልትቆሙ ቀስ እያላችሁ ሳለ ድንገት ክፍተት አይታችሁ በኃይል ብትረግጡ፣ እሱ ለመቆም ሲዘጋጅ ነበር። ማርሹን እስኪያስተካክል አንድ አፍታ ምንም አይመጣም። ከዚያ በአንዴ ይፈናጠራል። ያቺ አፍታ በተሻጋሪ መኪናዎች መሃል ስትሆን በጣም ረጅም ናት። ስለዚህ በጠባብ ክፍተት አትተማመኑ። ወደ አደባባይ ወይም ወደ ሥራ የበዛበት መስቀለኛ ስትቃረቡ ኤስ (ስፖርት) ላይ ማድረግም ይረዳል፤ ዝቅ ያለውን ማርሽ ይዞ ይጠብቃል። የራሳችሁን መኪና መዘግየት ባዶ ቦታ ላይ ሞክራችሁ እወቁት።

ንግግሬ እዚህ ላይ ነበር ያበቃው። ከዚያ ጥያቄ መጣ።

አንዲት እህት «መኪና ማቆሚያዬ ዳገት ነው፤ በኋላ ማርሽ ነው የምገባው፤ ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣል» አሉ። ይህ ለፍሪሲዮኑ ከሁሉ የከበደ ሥራ ነው። ዳገትም አለ፣ ከ8 በታች መሄድም አለ፣ ወደፊትና ወደ ኋላ መመላለስም አለ። የምመክረው ቢቻል ከፊት መግባት ነው። ካልሆነ መሪውን አስቀድሞ አስተካክሎ በአንድ ጉዞ መግባት፤ መሃል ላይ በነዳጅ ተንጠልጥሎ ማሰብ የለም። ማሰብ ሲያስፈልግ ፍሬን ረግጦ ነው። መንቀጥቀጡ ሜዳ ላይም ካለ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ይታይ። አንዳንዴ ኮምፒውተሩ የፍሪሲዮኑን መያዣ ነጥብ እንደገና እንዲማር ሲደረግ የሚስተካከልበት ጊዜም አለ።

ሌላ ሰው ያገለገለ ሊገዛ እንደሆነ ነግሮን ምን ልይ አለ። ሞተሩ ሳይሞቅ ሜዳ ላይ ፍሬኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። አነሳሱ ልስልስ ያለ ነው ወይስ ይንዘፈዘፋል? ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ንዳውና ሲሞቅ ድገመው። ብዙ ጉድለት የሚወጣው ከሞቀ በኋላ ነው። ትንሽ ዳገት በኋላ ማርሽ ውጣ። እርጥብ ከሆነ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ወረቀት ጠይቅ፤ የመጀመሪያው ዲኤስጂ ለምሳሌ በየ60 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ማጣሪያ ይፈልጋል። «ዕድሜ ልክ የማይቀየር ዘይት ነው» ካሉህ የፋብሪካውን መመሪያ ራስህ አንብብ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ ወንበር መጣ። «ያን ቀን ጽሑፉ ሲበራ ምን አደረግክ?»

መጀመሪያ ልቀጥል ነበር። ሁለት መኪና ያህል ሄድኩ። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዳር ይዤ ቆምኩ። ሞተሩን ላጥፋው ስል መመሪያው መጽሐፍ ትዝ አለኝና ከፍቼ አየሁት። የእኔ የሚለው ደኅና ቦታ ቁም፣ ፒ አስገባ፣ ሞተሩ እየሠራ ጠብቅ ነው። የብዙዎቹም ምክር ይኸው ነው፤ የእናንተን ግን ዛሬውኑ አንብቡት፣ ጽሑፉ ሲበራ መጽሐፍ ማገላበጥ ከባድ ነው። ወደ ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። ጽሑፉ ጠፋ። መስኮቱን ከፈትኩ። የጭነት መኪናው ከሄደ ቆይቷል፤ ሽታው ግን እዚያው ነበር። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጌ ዲ አስገባሁ። ፊቴ ሦስት መኪና የሚያህል ቦታ እስኪከፈት ቆየሁና ተነሳሁ።